ባለድርብ ክንፏና ባንዲራ ያዡ

ታላቅ ወንድሜ በአዋሽ ሸለቆ፣ በአንድ ሰፊ የጥጥ እርሻ ላይ ባንዲራ ያዥ ነበር። ይህን ሥራ ዛሬ ለወጣት ሰው ማስረዳት ያስቸግረኛል፤ ሥራው ራሱ ጠፍቷልና። ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ነጭ ጨርቅ ይዞ ማሳው ዳር ይቆማል። መድኃኒት የምትረጨው አውሮፕላን ከማሳው ወዲያኛው ጫፍ ዞራ አፍንጫዋን በቀጥታ ወደ እሱ ታደርጋለች፤ ካፒቴኑ መስመሩን የሚያቀናው በዚያ ጨርቅ ነው። ስትቃረብ ወንድሜ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ያወዛውዝና ርምጃውን እየቆጠረ ወደ ጎን ይሮጣል፤ የሚቀጥለው መስመር የሚጀምርበት ቦታ ሲደርስ ዘንጉን እንደገና ይተክላል። እሷም ቅድም የቆመበትን ቦታ ከጥጡ ጫፍ ሁለትና ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ብላ ታልፈዋለች። ከኋላዋ ጉም ይወርዳል።

ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር የ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። እናታችን በሠራተኞች ካምፕ ምግብ ታበስል ነበር። እኔ ክረምቱን ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ለወንድሜ ውሃ አመላልሳለሁ። ጎህ ሳይቀድ ካምፑ የሚነቃው በሞተሯ ድምፅ ነበር፤ ርጭት የሚጀመረው ፀሐይ ሳትወጣ ነውና። ምክንያቱን እኛ ልጆቹ ሳንቀር እናውቀው ነበር። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ነፋስ ይጀምራል፣ መድኃኒቱ ጥጡ ላይ ማረፉ ቀርቶ ወደ ቦዩ፣ ወደ ካምፑ፣ የአፋር ከብቶች ወደሚግጡበት ሣር ይበተናል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ያልቃል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ቅዝቃዜ የሚባል ነገር የለም።

ሞተሯ ሲነሳ መጀመሪያ ያስላታል፤ ከዚያ ወፍራም ነጭ ጭስ ትለቃለች፤ ከዚያ ድምፁ ይስተካከላል። መካኒኩ ከመነሳቷ በፊት ፕሮፔለሯን በእጁ ደጋግሞ ሲያዞር ለማየት እንሻማ ነበር። ለምን እንደሚያዞር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም የአውሮፕላን ጥገና ስማር ነው። ዘጠኙ ሲሊንደሮች በክብ የተደረደሩበት ሞተር ሲያድር ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ዘይቱን ሳያወጡ በጉልበት ከተነሳ ፒስተኑ የማይጨመቅ ፈሳሽ ላይ ይመታና ሞተሩ ይሰበራል። መካኒኩ በእጁ የሚያዞረው ያንን ዘይት በመዳፉ እየፈተሸ ነው። ነጩ ጭስም የተረፈው ዘይት ሲቃጠል ነው።

አውሮፕላኗ አግ ካት ትባላለች። ክንፏ ድርብ ነው፤ አንዱ ከአንዱ በላይ። ጄት በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ በሚያገሳበት ዘመን ድርብ ክንፍ ጊዜው ያለፈበት ነገር ይመስል ነበር። ነገር ግን ለዚህ ሥራ ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ሁለት ክንፍ ሲደራረብ አውሮፕላኗ ክንፏ ሳይረዝም ብዙ የክንፍ ስፋት ታገኛለች፤ በዝግታ ስትበርም አየሩ ይሸከማታል፤ የማሳው ጫፍ ላይ ደርሳ በጠባብ ቦታ ዞራ ትመለሳለች። የርጭት አብራሪ ከሥራ ጊዜው ብዙውን የሚያጠፋው በመዞር ነው። ብዙ አብራሪዎች የሞቱትም እዚያው መዞሪያው ላይ ነው፤ ጭነት ከብዷቸው፣ ከፍታ ሳይኖራቸው፣ ፍጥነታቸው ወርዶ ክንፋቸውን አየር ሲከዳው።

ልጅ ሆኜ ከክንፏ ይልቅ የሚገርመኝ ጀርባዋ ነበር። ካፒቴኑ የሚቀመጠው ከሞተሩ ርቆ፣ ከመድኃኒቱ ታንክ በስተኋላ፣ ጉብ ባለ ወንበር ላይ ነው። ከወንበሩ ፊት ያለው አካሏ ወደ ሞተሩ ያዘቀዝቃል። ለምን መሐል ላይ እንደማይቀመጥ ወንድሜን ስጠይቀው፣ «ጥጡን ከላይ ሆኖ እንዲያይ ነዋ» ብሎኝ ነበር። ልክ ነው፤ ግን ሙሉ መልሱ አይደለም። ሙሉው መልስ ረጅም ታሪክ አለው፣ ብዙ ሰውም ሞቶበታል።

ከአውሮፕላን ላይ ለሰብል ወይም ለዛፍ መድኃኒት የተረጨበት የመጀመሪያው የታወቀ ሙከራ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 1921 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ ከተማ አጠገብ የተደረገው ነው። ካታልፓ የሚባሉ ዛፎችን ትል ወርሯቸው ነበር። ሌተናንት ጆን ማክሬዲ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በተረፈች ከርቲስ አውሮፕላን በዛፎቹ አናት ላይ በረረ፤ ኤቲየን ዶርሞይ የሚባል መሐንዲስ በሠራው፣ በአውሮፕላኗ ጎን ላይ በታሰረ የብረት ሣጥን የሊድ አርሴኔት ዱቄት ተበተነ። ሣጥኑ የሚከፈተው በእጅ በሚዞር ዘንግ ነበር። ትሎቹ ረገፉ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ዘዴው ወደ ደቡባዊዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የጥጥ ማሳ ወረደ፤ ጥጡን የሚያጠፋው ቦል ዊቭል የሚሉት ነቀዝ ነበር። ሃፍ ዳላንድ የተባለ የአውሮፕላን ፋብሪካ ለዚሁ ሥራ ያቋቋመው የርጭት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1928 ስሙ ተቀይሮ ዴልታ ሆነ፤ ዛሬ በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት አየር መንገዶች አንዱ የሆነው ዴልታ ማለቴ ነው። ከጥጥ ማሳ ነው የተነሳው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የርጭት ሥራ በአንድ ጊዜ አደገ። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ዲዲቲና መሰሎቹ መጡ፣ ጦሩ ደግሞ ማሠልጠኛ አውሮፕላኖቹን በርካሽ ሸጠ። ስቲርማን የምትባለው ባለድርብ ክንፍ ማሠልጠኛ ከ8000 በላይ ተሠርታ ነበርና ገበሬው ሁሉ ጋር ደረሰች። የፊተኛው ወንበር ይነቀልና ቦታው ላይ ታንክ ይገባል፤ ያቺው የማሠልጠኛ አውሮፕላን የርጭት አውሮፕላን ሆነች ማለት ነው። ፓይፐርን የመሳሰሉ ትንንሾቹ ላይ ደግሞ ታንኩ ከአብራሪው ጀርባ ይቀመጥ ነበር። አውሮፕላኗ መሬት ስትመታ ሞተሩ ከፊት ይቆማል፣ ታንኩ ከኋላ ይገፋል፣ አብራሪው መካከል ላይ ነው።

ለረጅም ዘመን የአውሮፕላን አደጋ ሲመረመር ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ለምን ወደቀች? ሰውየው ለምን ሞተ የሚለውን የሚጠይቅ አልነበረም፤ ወድቆ አይደል የሞተው። ይህን ጥያቄ ነጥሎ ያነሳው ሂው ዴሄቨን ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ቴክሳስ ውስጥ ገና የበረራ ተማሪ ሳለ አየር ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ሌሎቹ ሞቱ፤ እሱ ተረፈ፣ የሆድ ዕቃው ግን ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ ሲያስበው ሆዱን የጎዳው የገዛ ቀበቶው ዘለበት መሆኑን ተረዳ። ያዳነው ቀበቶ ራሱ ቅርጹ ባይከፋ ኖሮ ባልቀደደው ነበር። ይህ ሐሳብ ሳይለቀው ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1942 ከ15 እስከ 45 ሜትር ከሚደርስ ከፍታ ወድቀው የተረፉ ሰዎችን ታሪክ ሰብስቦ ጥናት አወጣ። የወደቁበት ነገር ትንሽ እንኳ እየሰረጎደ ከተቀበላቸው የሰው አካል ማንም ከሚገምተው በላይ ይችላል አለ። ስለዚህ ሰውን የሚገድለው መውደቁ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ዕቃ አሠራር ነው።

እኔ ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ በኋላ የትኛውንም መኪና፣ የትኛውንም አውሮፕላን ሳይ መጀመሪያ የማየው ሰውየው ጭንቅላቱ የሚመታበትን ቦታ ነው።

የዴሄቨንን ሐሳብ ወደ ርጭት አውሮፕላን ያመጣው ፍሬድ ዋይክ ነው። ዋይክ ቀድሞ ኤርኩፕ የምትባለውን፣ በቀላሉ እንዳትሽከረከር ተደርጋ የተነደፈችውን ትንሽ አውሮፕላን የሠራ መሐንዲስ ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ውስጥ ሆኖ፣ ከመነሻዋ ለእርሻ ብቻ የታሰበች አውሮፕላን እንዲነድፍ ተጠየቀ። ኤጂ 1 የተባለችው አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1950 በረረች። ዋይክ ከባዱን ሁሉ፣ ሞተሩንም ታንኩንም፣ ከአብራሪው ፊት አስቀመጠ። አፍንጫዋ መሬት ስትመታ ከፊት ጀምራ እየተጨማደደች የግጭቱን ጉልበት እንድትበላው፣ የወንበሩ አካባቢ ግን ጠንክሮ እንዲቀር አደረገ። ትከሻንም የሚይዝ ጠንካራ ቀበቶ ሰጠው፤ ዝቅ ብሎ ሲበር የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢገጥመው የሚቆርጥ ስለት ጨመረለት። ወንበሩን ከፍ አድርጎ አፍንጫውን አዘቀዘቀለት። ይህ ንድፍ ፓይፐር ፖኒ ላይ ደረሰ፤ ፖኒ ከ5000 በላይ ተሠራች። ዛሬ በዓለም ላይ ለርጭት ብቻ ከተሠሩት አውሮፕላኖች አብዛኞቹን በጎን በኩል ብታዩ፣ ያ ጉብ ያለ ወንበርና ያ የሚያዘቀዝቅ አፍንጫ አለ።

አግ ካት የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ግራማን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላን የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። መሐንዲሶቹ ጆ ሊፐርትና አርተር ኮክ ተዋጊ መሥራት የለመደ እጃቸውን ለገበሬ አውሮፕላን አዋሉት፤ የመጀመሪያዋ አግ ካት እ.ኤ.አ. ግንቦት 27 ቀን 1957 በረረች። ግራማን ፋብሪካው በተዋጊዎች የተጣበበ ስለነበር ምርቱን ኒው ዮርክ ግዛት፣ ኤልማይራ ላይ ለነበረው ሽዋይዘር ሰጠው። ሽዋይዘር ሞተር የሌላቸው ግላይደሮችን የሚሠራ የወንድማማቾች ድርጅት ነበር። ታንኩ የአውሮፕላኗ ክብደት ሚዛን ላይ ስለተቀመጠ ሙሉ ሆና ስትነሳና ባዶዋን ስትመለስ ሚዛኗ ብዙም አይለወጥም። ጎኖቿ ደግሞ ተነቅለው የሚወጡ ሳንቃዎች ናቸው፤ መድኃኒት ብረት ይበላልና ማታ ማታ ሳንቃዎቹ ይወልቁና ውስጧ በውሃ ይታጠባል። ይህን ያሰበ ሰው ጥገናን ያውቃል። እኔም በሥራዬ ዘመን እነዚያን ሳንቃዎች ባወለቅኩ ቁጥር ሳላውቀው ያመሰገንኩት መሐንዲስ አለ።

አንድ ዓመት ለእረፍት ቤት ስሄድ ይህን ሁሉ ለወንድሜ አወራሁለት። እሱ ያኔ እርሻውን ትቶ ናዝሬት መኖር ጀምሮ ነበር። ታንኩ ለምን ከፊት እንደሆነ፣ ካፒቴኑ ለምን ከኋላ እንደተቀመጠ፣ አፍንጫዋ ለምን እንደሚጨማደድ ወረቀት ላይ እየሣልኩ አስረዳሁት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ እርሳሱን ተቀበለኝና ከአውሮፕላኗ ሥር ዘንግ የያዘ ሰው ሣለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ» አለ። «ለካፒቴኑ ይህን ሁሉ ካሰቡለት፣ ለእኔስ ምን አሰቡልኝ?»

መልስ ነበረኝ፤ ትንሽ መልስ። የርጭት ሥራ የራሱ ሥርዓት አለው። ርጭቱ የሚጀመረው ነፋሱ ከሚነፍስበት ሳይሆን ነፋሱ ከሚሄድበት ዳር ነው። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ መስመር ከቀድሞው ይልቅ ወደ ነፋሱ መነሻ ይጠጋል፤ ጉሙ ወደ ተረጨው ማሳ ይሄዳል፣ ባንዲራ ያዡም ሁልጊዜ ንጹሕ አየር ወዳለበት ይራመዳል። የርጭት ቧንቧዋም እስከ ክንፏ ጫፍ አይዘረጋም። የክንፍ ጫፍ አየርን ጠምዝዞ ወደ ላይ ያነሳል፤ ቧንቧው እስከዚያ ቢደርስ ጠብታው ተጠምዝዞ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከክንፉ ርዝመት ሦስት አራተኛ ገደማ ላይ ይቆማል። የጠብታውም መጠን ይመረጣል፤ በጣም ከደቀቀ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ በጣም ከተለቀ ቅጠሉ ላይ ሳይጣበቅ ይወርዳል። ይህ ሁሉ መድኃኒቱ እንዳይባክን የተጠና ነው፤ ባንዲራ ያዡንም በተዘዋዋሪ ይጠቅመዋል።

ወንድሜ ግን የሚያውቀውን ያውቃል። ነፋስ በመሐል ይዞራል። ካቦው ቸኩሎ ከተሳሳተው ዳር ያስጀምራል። ማሳው ቦይ ካለበት ቆጥሮ መሮጥ አይቻልም። ጉሙ ፊቱ ላይ ሲወርድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጓንት አልነበረውም፤ ማስክም አልነበረውም፤ በሸማ አፍንጫውን ይሸፍን ነበር። እርሻው የሰጠው ቱታ አንድ ነበር፤ እሱንም እናታችን ከእኛ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ታጥበው ነበር። ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አንዳንዴ ማታ እጁ ይንቀጠቀጣል። ያኔ የሚታወቀው መድኃኒት ወተት ነው። እናታችን ከአፋር ሴቶች ወተት ገዝታ ታስቀምጥለት ነበር፤ በጠዋቱ ሥራ መልስ ይጠጣዋል። ለብዙዎቹ የጥጥ መድኃኒቶች ወተት ማርከሻ እንዳልሆነ የሚነግረን ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን ጥጥ ላይ በብዛት የሚረጨው ኢንዶሰልፋን እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት በዓለም እንዲወገድ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች አንዱ ሆነ። የወንድሜ የእጅ መንቀጥቀጥ ከዚያ ይሁን ከሌላ ሐኪም ወስኖ አልነገረንም። እኔ ግን የማየው በዚያ ዓይን ነው።

አንድ ክረምት ላይ ሄሊኮፕተር መጣች። ግሪሳ ወፍ ማሽላውን ጨርሶ ነበርና ወፎቹ የሚያድሩበትን ጥሻ ልትረጭ ነው የመጣችው። ግንባሯ እንደ ብርሌ ሆድ የጠራ ነው፤ ካፒቴኑ እግሩ ሳይቀር ይታያል። ካምፑ በሙሉ ሥራውን ትቶ ወጣ። ከማሳው ዳር ቆማ ሳትሮጥ ስትነሳ ወንድሜ፣ «እቺ ባንዲራ አትፈልግም» አለ። ሌላም ጥቅም አላት፤ ሄሊኮፕተር ቀስ ብላ ስትበር ከአናቷ የምትገፋው አየር ጠብታውን ወደ ታች ያወርደዋል፣ ቅጠሉንም ያገላብጠዋል፤ ከቅጠሉ ሥር የተደበቀው ትል ሳይቀር ይደርሰዋል። ፍጥነቷ ሲጨምር ግን ይህ ጥቅሟ ይጠፋል፤ ያኔ ከኋላዋ የምትተወው አየር የተራ ክንፍ ዓይነት ይሆናል። ይህን የምታደርግበት የሰዓት ዋጋዋ ደግሞ ውድ ነው። ለዚህ ነው ሰፊ ማሳ ሁሉ ለአውሮፕላን የቀረው።

የዚህችን ዓይነት ትንሽ ሄሊኮፕተር ለዓለም ያበቃት የአርተር ያንግ ቤል 47 ናት። ያንግ ሒሳብና ፍልስፍና የሚወድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ትንንሽ ሞዴሎችን እየሠራና እየሰበረ የሄሊኮፕተርን ዋና ችግር ብቻውን ታገለው። ችግሩ አለመርጋቷ ነው፤ ትንሽ ስታጋድል ማጋደሏን ራሷ ታባብሰዋለች። መፍትሔው ከክንፎቹ ጋር የሚሽከረከር፣ ጫፎቹ ላይ ክብደት ያለው አግድም ዘንግ ሆነ። አካሏ ሲያዘነብል ዘንጉ በሽክርክሪቱ ጉልበት ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ ክንፎቹ የሚታዘዙት ደግሞ ዘንጉን ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ሞዴሉን ይዞ ወደ ቤል ፋብሪካ ሄደ፤ መጋቢት 8 ቀን 1946 ቤል 47 ለሲቪል አገልግሎት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሄሊኮፕተር ሆነች። ያንግ ብዙም ሳይቆይ ሄሊኮፕተርን ትቶ ወደ ፍልስፍናው ተመለሰ። ይህን ሰው እወደዋለሁ። አንድ ነገር እስኪረጋ ድረስ ዕድሜውን ሰጥቶ፣ ሲረጋ ለሌሎች ትቶ ሄደ።

አንበጣም አለ። በምሥራቅ አፍሪካ የትንሽ አውሮፕላን ታሪክ ያለ አንበጣ አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1958 ኢትዮጵያ ውስጥ አንበጣ ያጠፋው እህል 167,000 ቶን ነበር፤ አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት የሚመግብ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1962፣ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ተቋቋመ፤ አብራሪዎቹም በካናዳ የተሠራችውን ቢቨር ይዘው በረሃውን ያስሱ ነበር። ቢቨር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 16 ቀን 1947 ነው መጀመሪያ የበረረችው። ዲ ሃቪላንድ ካናዳ ከመንደፉ በፊት በሰሜን ካናዳ ጫካና ሐይቅ ላይ የሚበሩትን ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። በአጭር ቦታ ልትነሳ፣ በሯም የነዳጅ በርሜል የሚያስገባ ሰፊ እንዲሆን ፈለጉ፤ ሁለቱንም አገኙ። የሞተሩን ዘይት ደግሞ አብራሪው ወንበሩ ላይ እንዳለ፣ በበረራ ላይም ቢሆን፣ እንዲጨምር ሆኖ ተሠራ። 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሆነ አገር የታሰበው በር ኦጋዴን ላይም በርሜል አስገባ። ሞተሯ ባለዘጠኝ ሲሊንደሩ ፕራት ኤንድ ዊትኒ፣ 450 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ብዙዎቹ አግ ካቶች የተሸከሙት ያው ሞተር ነው። ድምፁን ከሩቅ እለየዋለሁ።

ወንድሜ የቢቨርን ታሪክ ስነግረው ደስ ያለው ስለ መጠየቃቸው ነው። «የሚበሩበትን ሰዎች ጠየቁ?» አለኝ ሁለቴ። ያንን ሲል ምን እያሰበ እንደሆነ፣ የመድኃኒት ጉም ሲወርድበት ያየሁት እኔ አውቄያለሁ።

እኛም ጋ የትንሽ አውሮፕላን ታሪክ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አውሮፕላን ጣልያን ወስዷት ሙዚየም ውስጥ ኖራ በጥር 2024 ተመልሳለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አግ ካትን አዲስ አበባ ላይ መገጣጠም ጀመረና እሸት ብሎ ሰየማት። ይህ ለእኔ ከፀሐይ መመለስ ያላነሰ ነገር ነው። የአገሬ ልጆች ቱቦውን በየመጋጠሚያው ሲያያይዙ፣ ጉብ ያለውን ወንበር ሲያስሩ፣ ታንኩን ከአብራሪው ፊት ሲያሳርፉ፣ ዴሄቨን ሆስፒታል ተኝቶ ያሰበውን እየሠሩ ነበር።

ባንዲራ ያዥነት የቀረው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ከክንፍ ሥር የሚታሰር፣ አብራሪው አዝራር ሲጫን በየመስመሩ ጫፍ ላይ ክብደት ያለው ረጅም ወረቀት የሚጥል መሣሪያ መጣ፤ ካፒቴኑ ጥጡ ላይ የወደቀውን ነጭ ወረቀት እያየ መስመሩን ያሰላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ በሳተላይት የሚመራው ጂፒኤስ ገባ። ካፒቴኑ ፊት ያለ ተርታ መብራት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያለ መስመሩን ይነግረዋል፤ ስህተቱም ከአንድ ሜትር አያልፍም። በጥጥ ማሳ ዳር ዘንግ ይዞ የሚቆም ሰው አያስፈልግም። በዚህ ሥራ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሰው ያዳነ ለውጥ አላውቅም፤ የተደረገው ግን ወጪ ለመቀነስ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. አንበጣው እንደገና ሲመጣ፣ ከ25 ዓመት ወዲህ ያልታየ ዓይነት ነው ሲባል፣ ከወንድሜ ጋር በቴሌቪዥን እናይ ነበር። አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ሲረጭ ታየ። እኔ የማየው ቧንቧዋን፣ የጠብታውን መጠን፣ ከፍታዋን ነው። ወንድሜ አንድ ነገር ይጠብቅ ነበር። ካሜራው ወደ ማረፊያ ሜዳው ሲወርድ፣ «አሁን በርሜሉን ማን ይከፍተዋል?» አለኝ።

ከጂፒኤስ በኋላም ቢሆን መድኃኒቱን የሚበጠብጥና ታንኩን የሚሞላ ሰው አለ፤ ሳተላይት እሱን አልተካውም። ካልተበጠበጠ መድኃኒት ጋር በጣም የሚቀራረበው ደግሞ እሱ ነው። ይህንኑ ነገርኩት።

ሲታይ፣ በርሜሉን የሚከፍተው ወጣት ጓንት አድርጓል፤ ማስክም ይዟል፤ ቱታው እስከ አንገቱ ተዘግቷል። ወንድሜ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብሎ ጓንቱ እስከ ክርኑ መድረሱን አየ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና፣ «ማታ ማታ ቱታውን ማን እንደሚያጥብ ግን አላሳዩንም» አለ።